ዘንጉና ደለሉ፦ ከካርታኼና ከበባ ወራት

ማርች 14፣ 1741

ከትናንት ጀምሮ የእንግሊዝ መርከቦች ከካርታኼና፣ ከስፔን ንጉሥ የባሕር ማዶ ወደብ፣ ፊት ለፊት ቆመዋል። ቁጥራቸውን በተመለከተ ስምምነት የለም። የጦር ጉባኤው ጸሐፊ ሻምበል ታዴዮ መቶ ሃያ ናቸው ይላል፤ ታላቅ እህቴ ዶኛ ካሲልዳ ከሰገነቷ ሆና መቶ ሰማንያ ቆጥራለች፤ እኔ ከግንቡ ላይ መቶ ሃያ አራት ከደረስኩ በኋላ የባሕሩ ነጸብራቅ ዓይኔን ስለ ያዘው አቁሜአለሁ። ስለዚህ የምመሰክረው ለመቶ ሃያ አራቱ ብቻ ነው።

ይህን ደብተር የከፈትኩበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። ጉባኤው የከተማው ልኬት ሹም በመሆኔ ዛሬ ጠዋት አስጠርቶ፣ በግንቡ ውስጥ ያሉትን የዝናብ ውሃ ጉድጓዶች ሁሉ ለክቼ ውሃው ለስንት ቀን እንደሚበቃ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዞኛል። ከተማችን ምንጭም ወንዝም የላትም፤ የምንጠጣው ካለፈው የዝናብ ወራት ከየጣሪያው የወረደውን ነው፤ ከየብስ በጀልባና በአህያ ይገባ የነበረው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አይገባም። ቀጣዩ ዝናብ የሚጠበቀው በቅዱስ ኢሲድሮ በዓል፣ ማለትም በሜይ 15 ገደማ ነው። ለጉባኤው የሚቀርበው ጽሑፍ ቁጥር ብቻ ይይዛል። እዚህ የማሰፍረው ቁጥር ያልሆነውን ነው። ብዙ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም።

መለኪያዬ አሥራ አንድ ስንዝር የሆነ የዝግባ ዘንግ ነው፤ በየሩብ ስንዝሩ ምልክት ተቆርጦበታል፤ በሳላማንካ ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር እንዲህ ነበር የሚሠሩት። ቤቶቹን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሃል ተብሎ ውሃ ሻጯ ኖርቤርታ ተመድባልኛለች። ከድልድዩ ማዶ በጌትሴማኒ ሰፈር የምትኖር፣ ነፃነቷን በራሷ ላብ የገዛች ጥቁር ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለት አህዮች አሏት። ስለ እርሷ ከዚህ በላይ መጻፍ አስፈላጊ አይደለም።

ማርች 17

ሃያ ዘጠኝ ጉድጓዶች ተለክተዋል። ሙቀቱ ከባድ ነው። ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ሲተኛ እኔ እጽፋለሁ።

ኖርቤርታ በየቤቱ የምትታወቅ መሆኗ ሥራውን አቅልሎታል፤ አንደበቷ ግን አክብዶታል። በሦስተኛው ቤት ዘንጉን ሳወርድ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደግፋ እንዲህ አለች፦

«ሊቁ ጌታዬ፣ ይህ ዘንግ በቀን ስንት ጊዜ ውሃ ውስጥ ይገባል?»

«እስካሁን ሦስት ጊዜ። ለምን ጠየቅሽ?»

«ከጌታው ይልቅ እሱ ገላውን የሚታጠብ መስሎኝ ነው።»

የቤቱ ገረዶች ሳቁ። በከበባ ወቅት መታጠብን መቀነስ ተገቢ እንደሆነ በእርጋታ አስረዳሁ። ማታ ሸሚዝ ቀይሬአለሁ።

አንድ መጥፎ ልማድ ደርሼበታለሁ። ከቅል ውስጥ ጣት የማይሞሉ ዓሦች እያወጣች በየጉድጓዱ ትጨምራለች።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«ሎሌዎቼ ናቸው። ያንን የሚወዛወዘውን ትል ይለቅማሉ። ዓሣ የሌለበት ጉድጓድ ማታ ማታ ቤቱን ቢምቢ ይሞላዋል።»

«ዓሣ በሚጠጣ ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ይበላል፣ ሌላውንም ያደርጋል።»

«ሌላውን ማለት?»

ዘንጉን አውጥቼ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ። ጉባኤው እንዲያጸድቀው ባረቀቅሁት የውሃ ደንብ ላይ ግን አንቀጽ ሰባትን ጨምሬአለሁ፦ በመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ዓሣ፣ ኤሊ፣ እንቁራሪትም ሆነ ማንኛውም ሕያው ፍጡር ማኖር ክልክል ነው።

ቢጫ ሻሽ አስራ ነበር። ይህ ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም።

ማርች 21

በባሕሩ መግቢያ ላይ ካሉት ምሽጎች መድፍ ሲያጓራ ዋለ። እንግሊዞች መግቢያውን ሳይይዙ ወደ ውስጠኛው ባሕር መዝለቅ አይችሉም። ጊዜ ይፈጅባቸዋል ይባላል። መስታወቶች ተሰነጠቁ። ስድስት ጉድጓድ ብቻ። ሁለቱን ደግሜ ለካሁ።

ማርች 27

ሥራው ተጠናቋል። ውጤት፦ ሃምሳ ሁለት ቀን። እስከ ሜይ 18 ማለት ነው፤ ከቅዱስ ኢሲድሮ ሦስት ቀን ያልፋል።

ለሻምበል ታዴዮ ባቀረብኩለት ጊዜ ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ሊቁ፣ ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ?»

«ለክቻለሁ።»

«ጌትሴማኒን አዳንክ። ውሃው ቅዱስ ኢሲድሮ የማይደርስ ከሆነ፣ መሣሪያ የማይዙትን የሰፈሩን ሰዎች በግማሽ ጨረቃ በር ወደ የብስ ለማውጣት ተወስኗል። ሴቱንም፣ ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም። ሲሶው የከተማው አፍ እዚያ ነው።»

«ወደ የብስ? እንግሊዞች ከወረዱ እኮ የሚወርዱት እዚያው ነው።»

«ለዚህ ነው ትንፋሼን የለቀቅሁት።»

ወደ ቤት ስመለስ በድልድዩ አጠገብ ባለው ገዳም በር ላይ የጌትሴማኒ ሴቶች ለውሃ ተሰልፈው አየሁ። እንስራቸውን በሙዝ ቅጠል ከድነው ሲመለሱ አረማመዳቸው እጅግ ቀላል ነው፤ አንዷ እንዲያውም ሙሉ እንስራ በጭንቅላቷ ይዛ ትደንስ ነበር። የልማድ ኃይል ያስደንቃል።

ቁጥሬ ለአንድ ሰው መጥቀሙ ደስ ሊያሰኘኝ አይገባም። ቁጥር ለማንም ተብሎ አይወጣም። ሆኖም ጥሩ ምሳ በላሁ።

ኤፕሪል 5

የመግቢያው ምሽግ ወደቀ። እንግሊዞች ወደ ውስጠኛው ባሕር ገቡ። ከገቡ በኋላ ወደ አገራቸው የድል ዜና የሚያደርስ መርከብ እንደላኩ ይወራል። እህቴ ጃዝሚኗን ከሰገነቱ ወደ ውስጥ አስገባች። በነገራችን ላይ በዚህ ድርቅ ጃዝሚኑ እንዴት እንዳበበ አልገባኝም።

ኤፕሪል 8

በእርጋታ መጻፍ አለብኝ።

ዛሬ በድልድዩ አጠገብ ባለው ገዳም፣ ተሰላፊውን የሚቆጥረው በር ጠባቂ መነኩሴ ባልዲ ሲያወጣ ጭቃ አወጣ። ዘንጌ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ አራት ስንዝር ውሃ አለ ብሏል። እንደገና አወረድኩት፤ እንደገና አራት አለ። ባልዲው እንደገና ጭቃ አለ።

ኖርቤርታ ከአህዮቿ ጋር ቆማ ታይ ነበር። ዘንጉን ወሰደችና ጫፉን በጣቷ ጠረገችው። ከታች ሁለት ስንዝር ተኩል ያህል ጥቁር ነበር።

«ሊቄ፣ ዘንግዎ እኮ የሚያርፈው ከጭቃው በታች ነው።»

«ጉድጓዶቹ በየዓመቱ ከዝናብ በፊት ይጠረጋሉ። ሕጉ እንዲህ ነው።»

«ሕጉ ልክ ነው። ዓምና በጠረጋው ወቅት እኮ እነዚሁ ሰዎች መጥተው ከተማውን በቦምብ ሲደበድቡ ነበር። ማን ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል? የዓምናውም የዘንድሮውም ደለል እዚያው ተኝቷል።»

ዓምና እኔ ራሴ በጠረጋው ቀን አልጋ ሥር ነበርኩ። አውቅ ነበር። ረሳሁት ማለት አልችልም፤ ከግምት አላስገባሁትም ማለት ብቻ ነው የምችለው።

ኤፕሪል 10

በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ሳህን ያለ ሰፊ ቆርቆሮ አስመታሁ፤ ቆርቆሮው ደለሉ ላይ ያርፋል እንጂ አይሰምጥም። ሁለት ቀን ሙሉ ዋና ዋናዎቹን ለካሁ። ውጤት፦ ሃያ አራት ቀን። ሜይ 4። ቅዱስ ኢሲድሮ አይደርስም፤ አሥራ አንድ ቀን ይጎድላል።

በሃያ ሦስት ዓመት የመንግሥት ሥራዬ የተሳሳተ ቁጥር አቅርቤ አላውቅም። አሁን አቅርቤአለሁ። ማድረግ ያለብኝ ግልጽ ነው፤ ዛሬውኑ ወደ ጉባኤው ሄጄ ማረም።

አልሄድኩም። ምክንያቶቼን እንደሚከተለው እመዘግባለሁ። አንደኛ፣ አዲሱ ዘዴ ገና አልተፈተነም። ሁለተኛ፣ ትናንሾቹ ጉድጓዶች ይቀራሉ። ሦስተኛ፣ ሦስተኛ ምክንያት እንዳለኝ እርግጠኛ ነኝ።

እህቴ በእራት ላይ፦ «ወንድም ዓለም፣ ሾርባው ውስጥ ዘንግህን ልታወርድ ነው? ከተቀመጥክ ጀምሮ ታፈጥበታለህ» አለችኝ። ቀጥላም ለገረዷ በሹክሹክታ፦ «በግማሽ ጨረቃ በር ማን ይወጣል ብሎ ነው የሚያስበው፤ እኔ የማላውቅ ይመስለዋል» ስትል ሰማሁ። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።

ኤፕሪል 13

ሻምበል ታዴዮ በመንገድ ላይ ያዘኝ።

«ሃምሳ ሁለቱ እንደጸና ነው?»

«መለካቱ ቀጥሏል።»

«አዎ ወይስ አይደለም?»

«ከፍተኛ ጥንቃቄ እየተደረገ ነው።»

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። እውነት ሲደመር እውነት ውሸት ሊሆን እንደሚችል በሳላማንካ አልተማርኩም።

ፈሪ ነኝ። ይህን እዚህ መጻፍ ይቻላል። እውነቱን ብናገር እርሷን ያወጣሉ። ዝም ብል ከተማው ሜይ 4 ቀን ይደርቃል፤ ያን ጊዜ እርሷንም ይጨምራል። «እርሷ» ስል ሰፈሩን ማለቴ ነው።

ኤፕሪል 17

እንግሊዞች በየብስ በኩል ወርደው ከግማሽ ጨረቃ በር ማዶ ያለውን ኮረብታ ያዙ። በዚያ በር የሚወጣ ሰው አሁን የሚወጣው ወደ እጃቸው ነው።

ዛሬ ከእንግሊዞች ከድቶ የመጣ አንድ ወታደር አመጡልኝ። አየርላንዳዊ ነው፤ ስሙ ፊኒያን ይባላል፤ የኛን ቋንቋ አያውቅም፤ በአገሩ አንድ ቄስ በድብቅ ላቲን አስተምረውታል። እኔ በላቲን እንድጠይቀው ታዘዝኩ። ላቲኑ እንደ ጫማው ነው፤ የተቀደደ ግን የሚያራምድ።

ከመርከብ የወረደላቸው በርሜል ውሃ ሸቷል። ስለዚህ ከኮረብታው ሥር በየድንኳኑ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረው የሚጠራቀመውን ይጠጣሉ። ከአሥሩ ሦስቱ መቆም አልቻሉም፤ መጀመሪያ ወገባቸውን ይይዛቸዋል፣ ከዚያ ዓይናቸው ቢጫ፣ ከዚያ ጥቁር ትውከት። ይህን በሽታ እናውቀዋለን፤ እዚህ የተወለደ በልጅነቱ ይዞት ያልፋል፤ አዲስ መጪን ግን አይምርም። ምክንያቱ የረግረጉ መጥፎ አየር እንደሆነ ሐኪሞች ይስማማሉ። ወታደሩ ሌላም ነገር ተናገረ፤ ማታ ማታ ከቆፈሩት ጉድጓድ የሚነሣው ቢምቢ ከከበሮአቸው በላይ እንደሚጮህ። ይህ ለወታደራዊ ጉዳይ ጥቅም ስለሌለው ከቃሉ ላይ ሰርዤዋለሁ።

ደግሞም ከተማውን በየብስ በኩል በሚጠብቀው በሳን ፌሊፔ ምሽግ ላይ የሚወጡበት መሰላል እየሠሩ ነው። በምሽጉ ዙሪያ የተቆፈረውን ቦይ ጥልቀት ማን ለካው ብዬ ጠየቅሁ። «አንድ መኮንን፣ ከሩቅ፣ በዓይኑ» አለ።

ኤፕሪል 18

የዛሬውን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ጠዋት ሻምበል ታዴዮ ቤቴ ድረስ መጣ። ጉባኤው ነገ እኩለ ቀን ላይ የተፈረመ የምስክር ወረቀት ይፈልጋል። «አንድ ቁጥር፣ አንድ ፊርማ» አለኝ። «ጥንቃቄ የሚለው ቃል እንዳይኖርበት።»

ድልድዩን ተሻግሬ ኖርቤርታ ቤት ሄድኩ። ከዚህ በፊት ገብቼ አላውቅም። አህዮቿን እየጠረገች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሃምሳ ሁለቱን፣ ሃያ አራቱን፣ በሩን። ስምንት ቀን ዝም ማለቴንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። መጥረጊያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ሳቀች፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ አህያዋን ተደግፋ።

«ሊቄ፣ ጌትሴማኒ ስንት እንስራ በቀን ይጠጣል ብለው ነው የጻፉት?»

«የገዳሙ በር ጠባቂ ባቀረበው ዝርዝር መሠረት...»

«በር ጠባቂው የሚቆጥረው የገባ ራስ ነው እንጂ የወጣ ውሃ አይደለም። ያንን ጭቃ ማን ይጠጣል? እኔ ለአህያዬም አልሰጣት።»

«ታዲያ ለምን ትሰለፋላችሁ?»

«ካልተሰለፍን ውሃ አላቸው ይሉና መጥተው ይወስዱብናላ። ቆመን ወሬ እንሰማለን፣ ባዶ እንስራችንን ቅጠል አልብሰን እንመለሳለን። ያቺ የምትደንሰውን ስንቴ መክሬአታለሁ መሰልዎ።»

እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና አልጋዋን ገፋችው። ከሥሩ እስከ አንገታቸው የተቀበሩ አራት ትልልቅ ጋኖች ነበሩ፤ ጥርት ያለ ውሃ፤ በእያንዳንዱ ውስጥም ሁለት ሁለት ዓሣ። አንቀጽ ሰባትን ላስታውሳት ከጀልኩ በኋላ ተውኩት።

«በየቤቱ እንዲህ ነው?»

«የኖቬምበርን ዝናብ ያልቀበረ ሰው ጌትሴማኒ ውስጥ ሞኝ ነው። ማንም ግን ለእርስዎ አያሳይም። ዘንግ የያዘ ሰው ለመውሰድ ነው የሚመጣው።»

«ካላየሁ መፈረም አልችልም።»

«ዘንጉን እዚህ ይተዉት፤ ባዶ እጅዎን ይምጡ። አንድም ስም እንዳይጽፉ።»

ቃሌን ሰጠሁ። ዘንጉን ከአህዮቹ ዘንድ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ዞርን። በየደጁ እርሷ ቀድማ ትገባለች፤ ጥቂት ሹክሹክታ፣ ጥቂት ሳቅ፣ ከዚያ «ይግቡ» ይባላል። አንዲት አሮጊት፣ ጋናቸውን ከማሳየታቸው በፊት ዓይኔን ትክ ብለው አዩና፦

«ይኼ ነው ያ ዓሣ የሚጠላው?»

«እሱ ነው እማማ» አለች ኖርቤርታ። «ሆዱ ግን ደህና ነው።»

«ሆዱ ደህና ከሆነ ይጠጣ።»

ጠጣሁ። ልማዱ እንዲህ ኖሯል፤ ውሃን ያየ ከውሃው ይጠጣል፤ የጠጣ አሳልፎ አይሰጥም። በየቤቱ አንድ አንድ ኩባያ። ስልሳ አንድ ቤት ገባሁ። ከሠላሳኛው በኋላ ጥቂት ጥቂት እንድጎነጭ ተፈቀደልኝ፤ ስለ ሌላው ችግሬ በዝርዝር አልጽፍም፤ ኖርቤርታ ግን በየአጥሩ ጥግ እየቆመች ስትጠብቀኝ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ ትቆጥር ነበር።

ያየሁት ለሰፈሩ ሰው እስከ ሜይ መጨረሻ ይበቃል። እንግዲህ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ፤ ውሃ ያልሆነውን ውሃ ብዬ፣ የማይጠጣውን ጠጪ ብዬ ቆጥሬአለሁ። የከተማው ጉድጓዶች የሚያጠጡት ሁለት ሲሶውን ሕዝብ ብቻ ከሆነ፣ ከኤፕሪል 10 ጀምሮ ያለው ሃያ አራት ቀን ሠላሳ ስድስት ይሆናል። ሜይ 16። ከቅዱስ ኢሲድሮ አንድ ቀን ያልፋል።

አራት ጊዜ አስልቼዋለሁ። አንድ ቀን ያልፋል።

ኤፕሪል 19

ለጉባኤው የቀረበው ጽሑፍ ቃል በቃል፦ «ቀድሞ ያቀረብኩት ቁጥር በእኔ ስህተት የተጋነነ ነበር። ትክክለኛው እስከ ሜይ 16 ነው። የጌትሴማኒ ነዋሪዎች ከከተማው ጉድጓድ አንድ እንስራ ስንኳ አይቀዱም፤ ስለዚህ እነርሱን ማስወጣት አንድ ኩባያ ውሃ አያድንም።»

ሻምበል ታዴዮ አንብቦ ቀና አለ። «ከየት ነው የሚጠጡት?»

«መናገር አልችልም።»

«በምን ዘዴ አረጋገጥክ?»

«በመጠጣት።»

ወረቀቱን አጠፈው። «እህትህ ደህና ናት?» አለ። ደህና ናት አልኩት። ወረቀቱን ይዞ ገባ። ሲወጣ በሩ እንደማይከፈት ነገረኝ፤ እኔም ከሹመቴ ዝቅ ብዬ እንደምቆይ። ሁለቱንም ተቀበልኩ።

ቤት ስገባ እህቴ አልጋዋ አጠገብ ቆማ፦ «ቃለ መሐላህን ሰምቻለሁ፤ እንግዲህ ስም አትጽፍም» ብላ ምንጣፉን ገለጠች። ሦስት ጋን። የጃዝሚኑ ጉዳይ ተፈታ።

ኤፕሪል 20

ሊነጋ ሲል ተኩስ። እንግሊዞች የሳን ፌሊፔን ምሽግ አጠቁ።

ምሽጉ ውሃ ጠየቀ። ኖርቤርታ በሁለት አህያ ወጣች። ማንም አላዘዛትም።

ግንቡ ላይ ነኝ። ጭሱ አያሳይም።

አሁንም።

መሰላሎቹን ወደ ቦዩ አወረዱ ይላሉ። አልደረሱም። አጠሩ።

አልተመለሰችም።

ፀሐይ ወጣች። እንግሊዞች ወደ ኮረብታው እየሸሹ ነው። ሰው ሁሉ ይጮኻል። በሩ ላይ ቆሜአለሁ።

አንድ አህያ። ከኋላዋ ኖርቤርታ። ቀሚሷ በደም፤ የራሷ አይደለም፤ ሁለተኛዋ አህያ በጥይት ሞታለች። ያየችኝ ጊዜ «ምነው ሊቄ፣ ዘንግዎ ጠፋ እንዴ?» አለች፤ ከዚያም ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ስለ አህያዋ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔም ለአህያዋ እጅግ አዘንኩ። እህቴ «ለአህያ እንዲህ የሚያለቅስ ወንድ አይቼ አላውቅም» ስትል ለሁሉም ትናገራለች።

የቦዩን ጥልቀት በዓይኑ የለካውን ያንን እንግሊዛዊ መኮንን አሰብኩት። እርሱም በጥንቃቄ ቁጥር ጽፎ ፈርሞ ይሆናል። የእርሱን ስህተት የሚያርም ውሃ ሻጭ አጠገቡ አልነበረችም።

ኤፕሪል 27

ዝናብ! ከቅዱስ ኢሲድሮ አሥራ ስምንት ቀን ቀድሞ። ኩባያ ውጭ አስቀምጬ ነበር፤ ሲሶ ሞልቷል። ሻምበል ታዴዮ ባርኔጣውን ገልብጦ መንገድ መሐል ቆሞ አየሁት።

አንድ ሐሳብ መጣብኝ። እኔም እንግሊዞችም በእነዚህ ሳምንታት አንድ ዓይነት ቀን ስንቆጥር ነበር፤ እስከ ዝናቡ ያለውን። እኛ እንዲደርስ፣ እነርሱ ሳይደርስ እንዲጨርሱ። በባሕሩ መግቢያ ላይ ያባከኑት ሁለት ሳምንት ከዚያ ቆጠራ የተቀነሰ ነው። ዛሬ በኮረብታው ሥር ያሉት ጉድጓዶቻቸው ሁሉ ሞልተው ይፈሳሉ።

ሜይ 21

የመጨረሻዎቹ መርከቦች ትናንት ሄዱ። የሚያንቀሳቅስ ሰው ያጡላቸውን አቃጥለዋል። ወደ ሹመቴ ተመልሻለሁ። ጉባኤው ደግሞ ወረራው ለምን እንደከሸፈ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አዞኛል።

ለዚህ ሲባል የለቀቁትን ሰፈር ለማየት ወጣሁ። ኖርቤርታ መንገዱን ስለምታውቅ አብራኝ መጣች። መንገዱ ቀጥ ያለና ከግንቡ ላይ የሚታይ ነው። ከየድንኳኑ ምልክት አጠገብ የቆፈሩት ጉድጓድ አለ። ጎንበስ ብላ አየችና፦

«ይኸው፤ ይወዛወዛሉ። አንድም ሎሌ አልነበራቸውም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውሃው በትል ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማታ የሆስፒታሉን መዝገብ ተመለከትኩ። ከስፔን በቅርብ የመጡ ወታደሮች በከተማው ውስጥ በሁለት ሕንጻዎች ሰፍረው ነበር። ደንቡ ከጸደቀ በኋላ አንቀጽ ሰባት ተከብሮ ዓሣው በወጣበት ሕንጻ አርባ አንድ በጥቁር ትውከት ታመዋል። በሁለተኛው ሕንጻ ስድስት፤ ኖርቤርታ እዚያ ዓሣውን በድብቅ ትመልስ እንደነበር ዛሬ ነግራኛለች። ሁለት ቁጥሮች ሕግ አይሆኑም። ሆኖም አርባ አንዱን ስጽፍ ብዕሬ ቆመ።

ሜይ 29

ጽሑፉ አልቋል። አሥራ አራት ምክንያት አለው። የአድሚራላቸውና የጄኔራላቸው አለመስማማት፤ የባከነው ጊዜ፤ የምሽጋችን ጽናት፤ የመሰላሉ ማጠር፤ ዝናቡ፤ የረግረጉ መጥፎ አየር፤ ሌላም። ለኖርቤርታ በእህቴ ሰገነት ላይ አነበብኩላት። ሁለቱም በጥሞና ሰሙ።

«አሥራ አራት» አለች ኖርቤርታ ሲያልቅ። «ውስጡ ዓሣ አለ?»

«ዓሣን በተመለከተ በቂ ማስረጃ የለም።»

«ጋንስ?»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«አህያዬስ?»

በአራተኛው ምክንያት ላይ፣ «ምሽጉ በጥይት መካከል ውሃ ስለደረሰው» የሚለውን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ መስመሩን ግን በጣቷ ለረጅም ጊዜ ነካችው።

«ወንድም ዓለም» አለች እህቴ፣ «የቸኮሌት መጠጡ ቀዘቀዘ። ደግሞ ጉድጓዳችን ዛሬ ተጠርጎ አልቋል፤ ባዶውን ነው። የሚያውቅ ሰው ቢያየው ጥሩ ነበር።» ይህን ብላ፣ ምንም ሥራ ሳይኖራት፣ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ጁን 2

የውሃ ደንቡ፣ አንቀጽ ሰባት፦ ተሽሯል። ምክንያት፦ አልተገለጸም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኖርቤርታ በቅል አምጥታ በጉድጓዳችን ውስጥ ሰባት ዓሣ ጨመረች። እርሷ ከሄደች በኋላ ብቆጥር ስድስት ብቻ ታዩኝ። ስለዚህ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ነገ መጥታ እንድትቆጥርልኝ ጠየቅኋት፤ ከነገ ወዲያም፤ ትክክለኛ ውጤት ለማግኘት በየቀኑ መቆጠር እንዳለበትም አስረዳሁ።

«ሊቄ» አለችኝ፣ «ዓሣ እኮ ይወልዳል። ይህ ቆጠራ መቼም አያልቅም።»

ይህንን ከግምት እንዳስገባሁት ነገርኳት።